የመንገደኛው ጥቅል

እሸት በቆሎ ለጥቅል መድረሱን በዚህ ቤት የሚያውቀው የአማቴ አውራ ጣት ብቻ ነው። በቆሎውን ከአገዳው ሳይቆርጡ ሽፋኑን ገለጥ ያደርጉና አንዷን ፍሬ በጥፍራቸው ይወጓታል። ቀጭን ወተት ከተረጨ ገና ነው። ምንም ጠብ ካላለ ደግሞ አልፎበታል፣ ለንፍሮ ወይም ለዶሮ ይተዋል። እንደ እርጎ ወፈር ያለ ነገር ጥፍራቸው ላይ ሲቀር "ቢስሚላህ" ብለው ይቆርጡታል። እኔ የባቲ ልጅ ነኝ፤ ገበያ ውስጥ ያደግሁ፣ ሸቀጥ ሳላገላብጥ የማላምን ሰው። ከሚሴ ተድሬ የመጣሁ ሰሞን፣ ምን ያቅተኛል ብዬ በራሴ ጥፍር እየወጋሁ አንድ እቅፍ ቆርጬ ገባሁ። አማቴ አገላብጠው አዩና "ይሄ እኮ ገና ጡት አልጣለም" ብለው ሳቁብኝ። ጥቅሉ ሲወጣ እንደ ሙጫ ጥርስ ላይ እየተጣበቀ ማንም አልበላውም፤ ከዚያ ወዲህ ምርጫውን ለእሳቸው ትቻለሁ።

አማቴን የቤቱም የሰፈሩም ሰው "አዬ" ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። እኔም አዬ እላቸዋለሁ።

ጥቅል ስል ጎመን ትዝ ያላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። የእኛ ጥቅል እሸቱ ተፈልፍሎ፣ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ደቀቅ ተደርጎ፣ በቅቤ፣ በጨውና በተከተፈ ቃሪያ ተለውሶ፣ በገዛ ሽፋኑ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል ነው። ስኳር የሚጨምርም አለ፤ ደህና እሸት ከሆነ ግን ራሱ ጣፋጭ ነው። የውጪው ሻካራ ሽፋን ለላሟ ይጣላል፤ የውስጡ ለስላሳ፣ ነጣ ያለው ታጥቦ ይቀመጣል። ሁለት ሽፋን ይነባበርና መሀሉ ላይ አንድ ጭልፋ ሊጥ ይደረጋል። ከዚያ ከአራቱም ወገን ይታጠፍና ከዚያው ሽፋን በቀጭኑ በተሰነጠቀ ክር ይቋጠራል። ድስቱ ሥር ፍሬው የተፈለፈለለት ቆረቆንዳ ይደረደራል፣ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ ጥቅሎቹ ከላይ ይቆማሉ። ውሃው ከቆረቆንዳው ከፍ ካለ ጥቅሉ ተቀቀለ ማለት ነው፤ አዬ ፊት ያንን ማቅረብ ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫናል። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ገና የታጨደ እርጥብ ሣር ይሸታል።

የአዬ ድስት ከሌላው ሰው ድስት የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ጥቅሉ የሚሠራው በቤቱ ሰው ልክ ነው፤ የሌለ ሰውም ቢሆን አይዘለልም። መንገድ የሄደ ሰው ጥቅሉ እንደማንኛውም ተቋጥሮ ይበስላል፤ ሲወጣ ግን ሳይፈታ በአጥራችን በኩል ለሚያልፍ መንገደኛ ይሰጣል። እኛ የሰው መንገደኛ ካበላን፣ የኛም መንገደኛ ባለበት አገር የሚያጎርሰው አያጣም ነው ነገሩ። የሞተ ሰው ጥቅል ደግሞ አይቋጠርም። ሊጡ በተከፈተ ሽፋን ላይ ይበስልና ለሰፈር ልጆች ይታደላል፤ ሰደቃ መሆኑ ነው። የባሌ አባት ከሞቱ ወዲህ የእሳቸው ድርሻ ክፍቱን እየበሰለ ለልጆች ይሄዳል። በዚህ ቤት እንግዲህ የሰው መኖርና መሞት የሚታወቀው በቋጠሮ ነው።

ባሌ በዚህ ሁሉ የሚቀልድ ሰው ነበር። የራሱን ጥቅል ከሁሉ ቀድሞ ፈትቶ ይበላና፣ ባዶውን ሽፋን መልሶ አጣጥፎ፣ ቋጥሮ፣ ሙሉ አስመስሎ ከሌሎቹ መሀል ያስቀምጠዋል። እኔ ወይም አዬ አንስተን ስንፈታው ውስጡ ነፋስ። እሱ ጓዳው በር ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በኋላ ነቃንበት። የአዬ ቋጠሮ ሁለት ጆሮ አለው። የእሱ ጆሮ የለውም፤ ክሩን ሁለቴ አዙሮ ጫፉን ወደ ውስጥ ስለሚደብቀው መጨረሻው አይገኝም። ቋጠሮውን እያየን ብናውቅበትም አንዳንዴ ደስ እንዲለው ብለን እንታለልለት ነበር።

ከዚያ ሄደ። በእኛ አገር "ሄደ" ከተባለ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ አኩርፌዋለሁ፤ አልሰማኝም። ከባህሩ ማዶ አንድ ቀን ደወለ። "ደህና ነኝ፣ አዬ ጥቅሌን እንዳትረሳ በያት" አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

አንዱ እስር ቤት ነው አለን። አንዱ ሌላ ከተማ ሲሠራ አየሁት አለ። አንዱ ደግሞ አየሁት ያለውን ሰው አየሁት አለ። ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ። ወላጆቼ ከባቲ ይደውላሉ፤ "ሞቶ ከሆነ የሐዘን ወራትሽን፣ ኢዳሽን ተቀመጪና ነፃ ውጪ፣ ኖሮ ከሆነ ይደውልልሽ" ይላሉ። ነገሩ ለእነሱ ቀላል ነው። እኔ ግን ባል የሌላት ሚስት፣ ቀብር የሌላት ሐዘንተኛ ሆኜ ቀረሁ። ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ ማልቀስ ደግሞ በቁሙ መግደል ይመስለኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አለ ወይስ የለም? ከሁለቱ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ ልወቀው።

አንድ ቀን እሳት እያነደድኩ ደፈር አልኩና "አዬ፣ የእሱን ዛሬ ባይቋጥሩትስ?" አልኳቸው።

እጃቸው ሊጡ ላይ ቆመ። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አንቺ ቀብረሽዋል?"

"አልቀበርኩትም።"

"እኔም አልቀበርኩትም። ታዲያ ማን ይፍታው?" አሉና ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት።

መንገደኛ ማግኘት ግን ችግር ሆነ። ዘመኑ የባጃጅ ነው፤ ሰንበቴ ገበያ የሚሄደውም ጨፋ ሮቢት የሚወርደውም ዋናውን መንገድ ይዞ ሽው ይላል። በኛ አጥር ሥር በእግሩ የሚያልፍ ከየት ይምጣ? አዬ ዘዴ ፈጠሩ። ጥቅሉን በቃጫ አስረው ከኋላ ባለው የአጥር በር ላይ፣ ወደ በቆሎው ማሳ በሚያወጣው በኩል ይሰቅሉታል። መንገደኛ ካለ ያገኘዋል አሉ። ብዙውን ጊዜ ወይ ወፍ ይበታትነዋል፣ ወይ ጦጣ ይወስደዋል፣ ወይ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

ቦርከና ዳር ስለሆንን በመስኖ የሚደርስ በቆሎ አለን፤ በበጋም እሸት እንበላለን። ነገሩ የጀመረው በአንዱ የበጋ እሸት ነው። ጠዋት ላሟን ላወጣ ስሄድ ጥቅሉ እንደተሰቀለ አየሁት። ሙሉ ነው፣ አልተነካም። ላውርደው ብዬ ስይዘው እጄ ባዶ አየር የያዘ ያህል ወደ ላይ ተነሳ፤ ክብደት የለውም። ቋጠሮውን አየሁት። ጆሮ የለውም። ጫፉን በጥፍሬ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። በጥርሴ በጠስኩትና ፈታሁት፤ ውስጡ አንድ ፍርፋሪ እንኳ የለበትም፣ ተጠርጎ ተበልቷል። ማሳው ላይ የጨፋ ጉም ተኝቷል፤ ከበቆሎው አናት በላይ እንጂ ከሥሩ ምንም አይታይም። ላሟ ገመዷን ወጥራ አንድ ቦታ አፍጥጣ ቆማለች። አዑዙ ቢላህ ብዬ ላሟንም ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አዬ ሽፋኑን ተቀብለው ክሩን በጣታቸው ዳበሱት። ይደነግጣሉ ስል ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ዓመታት ነበሩ።

"ዱፌራ" አሉ። መጥቷል።

"አዬ፣ ጦጣ ይሆናል እኮ።"

"የምን ጦጣ? ጦጣ ቋጥራ ታውቃለች?"

እውነታቸውን ነው፤ ጦጣ ብዙ ተንኮል ትችላለች፣ የተበላ ነገር አጣጥፎ መቋጠር ግን የአንድ ሰው ብቻ ተንኮል ነበር።

ከዚያ በኋላ በጋው ምንም ሳይታይበት አለፈ። እኔም ራሴን አሳመንኩ፤ አንዱ የሰፈር ቀልደኛ ይሆናል፣ ቋጠሮውን አይቶ ይሆናል እያልኩ። ክረምት ገባ፤ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። የክረምቱ እሸት ደርሶ ጥቅሉ ሲሰቀል ያው ሆነ። ባዶ፣ የታጠፈ፣ ጆሮ የሌለው ቋጠሮ። በተከታዩም ሳምንት እንዲሁ። አዬ ታደሱ። ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ግቢ ያስጠርጋሉ፣ በየሁለት ቀኑ በቆሎ ይወጋሉ። ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ጅራ" ይላሉ። አለ ማለታቸው ነው። ጎረቤት እኔን በዓይን ይጠይቀኛል፤ እኔ መሬት አያለሁ።

እኔ ግን ፈራሁ። በሕይወት ካለ ለምን አይገባም? ከሞተስ ምን ያበላዋል? ይሄን ጥያቄ ይዤ ወፍጮው ላይ እጎነበሳለሁ፤ ይሄንኑ ይዤ እነሳለሁ። በቆሎው ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይንሿሿል። አንዳንዴ ቀጥ ባለ መስመር፣ ከወንዙ ወደ እኛ፣ አናት አናቱ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ይመጣና አጥሩ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ከሁሉ የከፋብኝ ውሻችን ነው። እንኳን ለእንግዳ ለዘመድም የማይመለስ ውሻ፣ ወደ ማሳው ዞሮ ጭራውን ይቆላል። የሚወደውን ሰው ሲያይ ብቻ የሚያሰማትን ትንሽ ማላዘን ያላዝናል።

መስከረም ላይ በቃኝ አልኩ። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ የወጣችበት፣ ማሳው ከሥሩ የሚጤስበት ቀትር ነበር። አዬ ጥቅሉን ሰቅለው ለሶላት ገቡ። እኔ በረቱ ጥግ ተቀመጥኩና ዓይኔን ከአጥሩ በር ላይ ተከልኩ። ብዙም አልቆየሁ። ያ መንቀጥቀጥ ከወንዙ በኩል ተነሳ። መጣ፣ መጣ፣ ቆመ። ውሻው ጭራውን እየቆላ ሄደ። ከሁለት አገዳ መሀል እጅ ወጣ።

እጅጌው ሰማያዊ ሹራብ ነው። ክርኑ ላይ በጥቁር ክር ተጠቅሟል። የጠቀምኩት እኔ ነኝ፤ ሊሄድ ሲል፣ እያለቀስኩ።

ስሙን ጠራሁት። እንዴት እንደጠራሁት አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ከዚያ በኋላ ለቀናት ታሞ ነበር። እግሬ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ሮጥኩ። ደስታ ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ቁጣም ነው፤ ሦስቱም በአንድ ላይ ይዘውኝ ነበር። አገዳውን በሁለት እጄ ገለጥኩት። ሹራቡ የባሌ ነው፤ ፊቱ የሌላ ሰው።

"ሰው ነህ?" አልኩት።

"ሰው ነኝ እህቴ፣ ወላሂ ሰው ነኝ" አለና ተንበረከከ። ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዕድሜው ከባሌ ብዙም አያንስም። ጥቅሉ በእጁ ነው፣ ገና አልፈታውም።

ጩኸቴን ሰምተው አዬ ወጡ። እሳቸውም መጀመሪያ ያዩት ሹራቡን ነው። "ኮቱ!" አሉ፣ ና፣ ና እያሉ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ቀረብ ሲሉ ፊቱን አዩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ያንኑ እጅ ዝቅ አድርገው ልጁን ትከሻውን ያዙትና በረንዳው ላይ አስቀመጡት።

"መንገደኛ አይደለህ? ያንተ ነው፣ ብላ" አሉት።

ጥቅሉን በሁለት መዳፉ ይዞ አቀረቀረ። "እማማ" አለ፣ "ከእንግዲህ አይቋጥሩለት።"

አዬ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ፤ በቀስታ፣ ሰው እንደሚያነጋግሩ። ከዚያ ጠየቁት። የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰግዳችሁበታል ወይ፣ ቀብራችሁታል ወይ። ሰግደንበታል አለ። ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረን ቀብረነዋል አለ። የገደለው መንገድ ላይ የያዘው ትኩሳት ነው፤ ሹራቡን ለብርዱ ያለበሰኝ እሱ ራሱ ነው አለ። ረሃብ ሲበረታባቸው ባሌ የዚህን ቤት ድስት ያወራላቸው ነበር፤ ቆረቆንዳው እንዴት እንደሚደረደር፣ ቃሪያው መቼ እንደሚገባ፣ የእናቱ አውራ ጣት፣ የሚስቱ ንዴት ባዶውን ስትፈታ። በጫማቸው ክር ቋጠሮውን አስተምሯቸዋል። አገር ስትገቡ በእኛ አጥር በኩል እለፉ፣ ጥቅሌን ይሰጧችኋል ብሏቸዋል።

"ታዲያ ለምን አልገባህም?" አልኩት።

"መርዶ ለብቻ ተይዞ ይገባል? አጥሩ ድረስ እመጣለሁ። የተቋጠረውን ሳይ አሁንም እንደምትጠብቁት ይገባኛል፣ አፌ ይያዛል። ደግሞም ርቦኝ ነበር። ትንሽ ቀን እንኳ ደስ ይበላቸው ብዬ እንደሱ አድርጌ መልሼ ቋጠርኩት።"

በጥፊ ልለው እጄ ተነስቶ ነበር። ደስ ይበላቸው! አሮጊቷ ግቢ ሲያስጠርጉ፣ እኔ ጥላዬን ስፈራ የከረምነው ለዚህ ደስታ ነው? ግን ጥቅሉን አሁንም ሳይፈታ እንደያዘ ሳይ ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

"የበጋውንስ?" አልኩት። "በመስኖው እሸት ጊዜ የቋጠርከውን?"

ቀና ብሎ አየኝ። "የቱ በጋ?"

"እዚሁ በር ላይ። ባዶውን አጥፈህ፣ ጫፉን ደብቀህ።"

"እህቴ፣ እኔ አገሬ የገባሁት በነሐሴ ነው። በጋውን የመን እስር ቤት ነበርኩ። እሱን ከቀበርነው ያኔ ቆይተናል።"

አዬን አየኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ሰው ይደነግጣል፤ እሳቸው የሚያውቁትን ነገር እንደነገሯቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን ሽፋን እስከዛሬ በሐሳቤ አገላብጠዋለሁ። የሰፈር ቀልደኛ ነው እላለሁ፤ የቀልደኛ ስም አጣለታለሁ። ማሳው ሲንሿሿ አሁንም ወደዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ አልቆምም።

አዬ ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር። "የማን ልጅ ነህ?" አሉት። ከሰንበቴ ወዲያ እንደሆነ ነገራቸው። "እናትህ አለች?" አለች አለ። "መምጣትህን ታውቃለች?" ዓይኑን ከጥቅሉ ላይ አላነሳም።

"ከነሐሴ ጀምሮ?" አሉ አዬ። ድምፃቸው ሲወጣ ውሻው ተነስቶ ሸሸ።

"ምን ይዤ ልግባ እማማ? ባዶ እጄን፣ እንዲህ ሆኜ…"

"አንተ! እናትህ አሁን፣ በዚች ሰዓት፣ ምን ስትቋጥር እንደምትውል ታውቃለህ? እኔ የራሴን ልጅ በሕይወት ባገኘው ኖሮ፣ ባዶ እጅ ቀርቶ እጅ ባይኖረው ግድ ይለኝ ነበር?" ወደ እኔ ዞሩ። "ስልክ አምጪ። አንተ ቁጥሩን ጥራላት።"

ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። ብዙ ጠራ። ያነሳችው ሴት "ሃሎ" ስትል ድምፅዋን አወቅሁት፤ ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም፣ ድምፅዋን ግን አውቀዋለሁ። የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ትንፋሿን የምትይዝ ሴት ድምፅ ነው፤ የእኔም እንደዚያ ነበር።

"ኢልሚ ኬ ጅራ" አሏት አዬ። "ልጅሽ አለ፣ በሕይወት አለ። ከሚሴ፣ እኔ ቤት፣ ፊቴ ቁጭ ብሏል።"

ከዚያ ቀስ ብላ "ወላሂ?" አለች።

"ወላሂ።"

እልልታው ስልኩን ሰነጠቀው። አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ። ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት፤ የሚሮጥ እግር ይሰማል፣ የሚወድቅ ዕቃ ይሰማል። ልጁ ፊቱን በሰማያዊው እጅጌ ሸፍኖ ያለቅሳል። አዬ ስልኩን በመዳፋቸው ላይ አስተኝተው፣ ሳይዘጉት፣ ሳያርቁት ያዳምጣሉ። በሕይወቴ የዚያችን ሴት ያህል የቀናሁበት ሰው የለም። ግን እኔም አዳመጥኩ።

የእኛ ሰፈር ሴቶች ከግቢያችን እልልታ ሰሙ። ሲጠበቅ የኖረ ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ሌላ ምን ይመስላቸዋል? ከአጥር ማዶ አንዷ መለሰች፣ ሌላዋ ጨመረች፤ "መጣ! መጣ!" እያሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ እየሳቁ በበሩ ገቡ።

አዬ እጃቸውን አንስተው እዚያው አቆሟቸው። እልልታው ከስልኩ ውስጥ እስኪያልቅ ጠበቁ። "እንኳን ደስ አለሽ እህቴ" አሏት። ስልኩን ለልጁ ሰጡትና "እናትህ ናት፣ ውጪ ሆነህ አነጋግራት፣ እሷ የእኛን እንዳትሰማ" አሉት። ተነስቶ ወጣ፤ የአጥሩን በር ዘጋ።

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ለቅሶውንም እሳቸው ጀመሩት።